የአድዋ ነጻነትና የትንሣኤ ነጻነት፦ ከወሎ ሲታይ

የካቲት 23 ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ቀኑ ደግሞ የጊዮርጊስ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሰው «ክርስቶስ ከባርነት ነጻ አወጣን» የሚል ስብከት ሰምቶ ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ አደባባይ ላይ ሽለላና ፉከራው ይደራል። መድረክ መሪው «እኛ ነጻ ሕዝብ ነን!» ይላል። ሰውየው ለሁለቱም ከልቡ እልል ይላል። በ2017 እና በ2018 ረመዳንም ከዐቢይ ጾም ጋር ስለገጠመ፣ አጠገቡ ቆሞ ለአድዋ የሚያጨበጭበው ሙስሊም ጎረቤቱም ጾመኛ ነበር።

ሰባኪው ያለው ነጻነትና መድረክ መሪው ያለው ነጻነት አንድ ናቸው? ብዙዎቻችን ሳናስበው «አዎ» ብለን እናልፋለን። አይደሉም። ማስረጃ ከተፈለገ ጎረቤትየው ራሱ ይበቃል። የአድዋው ነጻነት ሙሉ በሙሉ የእሱም ነው፤ አያቱ ዘምተውበታል። የስብከቱ ነጻነት ግን በክርስቶስ የሚያምን ሰው የሚናገረው የእምነት ነገር ነው። ሁለቱን አንድ ያደረገ ሰው ሳይታወቀው ጎረቤቱን ከገዛ አገሩ ያስወጣዋል። ወሎ ውስጥ ይሄ የመላ ምት ወሬ አይደለም። ደርሷል፤ እንመጣበታለን።

ከቀላሉ እንጀምር።

ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ሐይቅን አልፋችሁ ውጫሌን ታገኛላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ የተፈራረሙበት ውል ስሙን ያገኘው ከዚችው ቦታ ነው። ጣሊያን አንቀጽ 17ን ይዛ «ኢትዮጵያ በእኔ ሥር ናት» ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ምኒልክ አሻፈረኝ አሉ፤ ውሉም ፈረሰ። በመስከረም 1888 የክተት አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊቱን የቀጠሩት ወረኢሉ ነው። እሱም ወሎ ነው። የጠቡ ወረቀት በአንዱ የወሎ መንደር ተፈረመ፣ ጦሩ በሌላው ከተተ፣ ነገሩ አድዋ ላይ አለቀ።

የአገር ነጻነት ጠባዩ ከዚሁ ታሪክ ይታያል። ባላጋራው ከውጭ ነው፤ ስም አለው፣ ባንዲራ አለው፣ መድፍ አለው። ነጻነቱ ቀን ተቆርጦለት ይከበራል፤ በውል ይጻፋል፤ በካርታ ይሰመራል። ደግሞ የጋራ ነው። ያልዘመተው ሰው ከዘማቹ እኩል ያገኘዋል፤ ገና ያልተወለደው ይወርሰዋል። አማኙም የማያምነውም፣ ደጉም ክፉውም ነጻ አገር ውስጥ ነው የሚኖረው።

የአገር ነጻነት ሊነጠቅም ይችላል። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ከተማ ነበሩ። በሚያዝያ ወር ጠላት ደሴ ገባ። አምስት ዓመት አለፈ። በሚያዝያ 1933 ደግሞ ወጣ። አንድ ትውልድ በዕድሜው ነጻ ሆኖ፣ ተገዝቶ፣ እንደገና ነጻ ሆኖ አየ ማለት ነው።

አንድ የማይዘነጋ ነገር አለ። የምኒልክ አዋጅ ጠላትን የከሰሰው «አገር የሚያጠፋ፣ ሃይማኖት የሚለውጥ» ብሎ ነው። አገርና ሃይማኖት አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገቡ። ሰሚውም ገብቶታል፤ ሁለቱም ለዚያ ሕዝብ የሚሞትላቸው ነበሩ። ነገር ግን ከወዲያ በኩል የተሰለፈው ጣሊያንም ክርስቲያን ነበር። መስቀል ይሳለማል፣ ቄስ አለው፣ በክርስቶስ ስም ይጸልያል። ከዚህ በኩል ደግሞ ከወሎ ፈረሰኛ መካከል ሙስሊሙ ብዙ ነበር። እና አድዋ ላይ የተዋጋው ክርስትና ከሌላ እምነት ጋር አይደለም። አገር ከወራሪ ጋር ነው። ይህን መለየት የአድዋን ክብር አይቀንስም። እንዲያውም ድሉን ለሁሉም ያካፍለዋል።

አሁን ወደ ስብከቱ እንሂድ።

ክርስቲያኑ «ነጻ ወጣሁ» ሲል ከማን ነው የወጣው? በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጥር በገባ ቁጥር የሚተረክ አንድ ነገር አለ፤ ጥምቀት የዋለ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ዲያብሎስ አዳምና ሔዋንን ጭንቀታቸውን አይቶ የዕዳ ደብዳቤ አጻፋቸው ይባላል። «አዳም የዲያብሎስ አገልጋይ፣ ሔዋን የዲያብሎስ አገልጋይ» የሚል። አንዱን በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል አኖረው። ክርስቶስ በዮርዳኖስ ሲጠመቅ አንዱን ደመሰሰ፤ ወደ ሲኦል በወረደ ጊዜ ሌላውን። በትንሣኤ ሌሊት ካህኑ «አሠሮ ለሰይጣን» ሲል ሕዝቡ «አግዐዞ ለአዳም» ብሎ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ሰይጣንን አሰረው፣ አዳምን ነጻ አወጣው። ጳውሎስም ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ክርስቶስ የዕዳውን ጽሕፈት ደመሰሰው ይላል።

እንግዲህ እዚህ ያለው ጌታ ጣሊያን አይደለም። ኃጢአት ነው፣ ሞት ነው፣ ፍርሃት ነው። ሰውየው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ድንበር ጠባቂ አያስቆመውም።

የዚህ ነገር ዋናው ቦታ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ነው። ኢየሱስ ላመኑበት አይሁድ «እውነትም አርነት ያወጣችኋል» ይላቸዋል። ሰዎቹ ተቆጡ። «የአብርሃም ዘር ነን፤ ለአንድም ስንኳ ከቶ ባሪያዎች አልሆንም» አሉ። ረጋ ብላችሁ አስቡት። አያቶቻቸው ግብፅ ውስጥ ጡብ ጠፍጥፈዋል። ባቢሎን ማርካ ወስዳቸዋለች። ይህን ሲናገሩ ራሱ የሮም ወታደር ኢየሩሳሌም ውስጥ ጦሩን ይዞ ይንጎራደዳል፤ ግብሩም ወደ ቄሣር ይሄዳል። እነሱ ግን «ባሪያ ሆነን አናውቅም» ይላሉ። ይህ ኩራት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እኛም ቅኝ አለመገዛታችንን ስንናገር ድምፃችን እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ የአምስቱን ዓመት ወረራ ካልቆጠርን፣ የእኛ እውነት መሆኑ ነው።

የኢየሱስ መልስ የሚገርመው ስለ ሮም አንድም ቃል አለመናገሩ ነው። ግብፅንም ባቢሎንንም አላስታወሳቸውም። «ኃጢአት የሚያደርግ ሁሉ የኃጢአት ባሪያ ነው» አለ፣ በቃ። ክርክሩን ከአገር ታሪክ አንስቶ ወደየሰዉ ልብ ወሰደው። ሰዎቹ እውነት ነጻ አገር ቢኖራቸው ኖሮም መልሱ አይቀየርም ነበር። አጥር ሌባ ይከለክላል እንጂ ቤት ውስጥ ያለውን ጠብ አያበርድም።

የክርስቲያን ነጻነት ጠባይም እንዲሁ ከዚህ ይወጣል። በዘር አይወረስም፤ የአብርሃም ልጅነት አልበቃም። በሠራዊት አይመጣም። እያንዳንዱ ሰው በገዛ ልቡ ሊቀበለው ይገባል። ደግሞ «የፈለግሁትን ላድርግ» ማለት አይደለም። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ምዕራፍ 5 ላይ መጀመሪያ ክርስቶስ ነጻ እንዳወጣቸው ይናገራል፤ ጥቂት ወረድ ብሎ ደግሞ በፍቅር እርስ በርሳችሁ እንደ ባሪያዎች ሁኑ ይላል። ነጻ ወጥተህ እንደገና ባሪያ ሁን? አዎ። ግን ተገዶ ሳይሆን ወድዶ፤ ለአሳዳሪ ጌታ ሳይሆን ለወንድም። ጾሙም እዚህ ጋ ትርጉም ያገኛል። ሆዱ ሲያዘው የኖረ ሰው ለሁለት ወር ሆዱን ያዘዋል። ከውጭ ሲታይ ክልከላ ነው፤ ለጾመኛው ግን የነጻነት ልምምድ ነው።

አብያተ ክርስቲያናቱ አጽንዖታቸው ይለያያል። ኦርቶዶክሱ ጥምቀትን፣ ቁርባንን፣ ከፍትወት ጋር የሚደረገውን ተጋድሎ ያስቀድማል። ፕሮቴስታንቱ በእምነት መጽደቅን፣ ከሕግ ቀንበር መውጣትን ያጎላል። ጠባቸው ሰፊ ነው፤ ለዛሬው ጉዳያችን ግን ሁለቱም ጠላት ውስጥ ነው ይላሉ።

የተምታታባቸው ጊዜ

ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በሆስፒታሉ ነው። በ1870 ዓ.ም ግን አፄ ዮሐንስ አራተኛ ታላቅ ጉባኤ የጠሩበት ሜዳ ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኝተዋል።

ዮሐንስ ያኔ ከሁለት ድል የተመለሱ ንጉሥ ናቸው። በ1868 የግብፅን ጦር ጉንደት ላይ፣ ከዚያም ጉራዕ ላይ ሰብረውታል። አገር በሃይማኖት ክርክር ተከፋፍላ ነበር፤ ከዳር ደግሞ ጠላት ያንዣብባል። ንጉሡ ያሰቡት እንዲህ ነው፦ አንድ አገር፣ አንድ ሃይማኖት። መጀመሪያ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው ስለ ክርስቶስ ልደት የሚደረግ ክርክር ተፈረደ፤ «ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው» የሚለው ወገን ተረታ። ቀጥሎ ለሙስሊሙ ትእዛዝ ወጣ፦ ተጠመቁ። ለሹማምንቱ አጭር፣ ለሕዝቡ ረዘም ያለ ቀነ ገደብ ተሰጠ።

የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠመቁ፤ ሚካኤል ተባሉ። የክርስትና አባታቸው ዮሐንስ ራሳቸው ሆኑ። በኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሚካኤል ሆነው ደሴን የገነቡት እሳቸው ናቸው፤ አይጠየፍ አዳራሽም የእሳቸው ነው። በአድዋም የወሎን ፈረሰኛ መርተዋል። በእሳቸው ልብ የነበረውን እግዚአብሔር ያውቃል። ሕዝቡ ውስጥ ግን የሆነው ይታወቃል። የተሰደደ ተሰደደ። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት ተነሥተው ተቃወሙ። ሌላው ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። በቀን ማተብ፣ በማታ ሶላት።

ቆም ብለን እንየው። የንጉሡ ፍላጎት የአገር ነጻነትን ማጽናት ነበር። መሣሪያ ያደረገው ግን ጥምቀትን ነው፤ ያ ከዲያብሎስ የዕዳ ደብዳቤ ነጻ ያወጣል የሚባለውን ጥምቀት። ሰይፍ አይቶ የተጠመቀ ሰው ከምን ነጻ ወጣ? ፍርሃት ነው ወደ ውኃው ያስገባው። በክርስትና በራሱ ሚዛን ብንለካው እንኳን ነገሩ አይቆምም። እኔ አፄ ዮሐንስን ለማሳነስ አይደለም ይህን የምለው፤ በመጨረሻ መተማ ላይ ለአገራቸው ደማቸውን ያፈሰሱ ንጉሥ ናቸው። ንጉሥ ግን ድንበር መጠበቅ ይችላል፤ ልብ ማጥመቅ አይችልም።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። የሚካኤል ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ የምኒልክን መንበር ወረሱ። መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ሲወርዱ ከቀረበባቸው ክስ ዋናው ወደ እስልምና አዘንብለዋል የሚል ነበር። አባት በግድ ተጠምቆ ተሾመ፤ ልጅ በእምነቱ ተጠርጥሮ ተሻረ። በወሩ ሰገሌ ላይ የወሎ ጦር ከሸዋ ጦር ጋር ተላለቀ። የእምነት ጥያቄና የዙፋን ጥያቄ አንድ ላይ ሲቋጠሩ ዋጋውን የሚከፍለው ገበሬው ነው።

በነገራችን ላይ፣ ዛሬ «የሃይማኖት ነጻነት» የምንለው ሦስተኛ ነገር ነው። እሱ የሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ አንቀጽ 27 ደግሞ ማንም በእምነቱ እንዳይገደድ ይከለክላል። ይህ የቦሩ ሜዳ ዓይነት ትእዛዝ እንዳይደገም የሚያስር ገመድ ነው እንጂ ሰውን መንፈሳዊ አያደርግም። በሕግ የተፈቀደለት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም፣ መስጊድም አይሄድም።

በተቃራኒው ሲለያዩስ?

እስካሁን ሁለቱን መቀላቀል እንዴት እንደሚጎዳ አየን። ሙሉ በሙሉ መነጣጠሉም የራሱ ጉድ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1667 በአሜሪካ ቨርጂኒያ አንድ ሕግ ወጣ። ጥምቀት ባሪያን ነጻ አያወጣም የሚል ነው። እስከዚያ ድረስ ጌቶቹ ስጋት ነበረባቸው፤ ባሪያው ከተጠመቀ ወንድም ይሆናል፣ ወንድምን ደግሞ እንዴት ይገዟል? ሕጉ ስጋታቸውን ገላገላቸው። ነፍስህ ነጻ ናት፣ ጉልበትህ ግን የእኔ ነው አሉት።

ከዚያ በፊት በጀርመን የተገላቢጦሽ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1525 ገባሮቹ ተነሥተው አሥራ ሁለት ጥያቄ ጻፉ። በአንዱ ላይ ክርስቶስ ሁላችንንም በደሙ ዋጅቶናልና ገባር ሆነን መቆየት የለብንም አሉ። ማርቲን ሉተር ስለ ክርስቲያን ነጻነት አጥብቆ ያስተማረ ሰው ነው፤ ገበሬውም ቃሉን ከእሱ ነው የሰማው። እሱ ግን መንፈሳዊውን ነጻነት ሥጋዊ አደረጋችሁት ብሎ ተቆጣቸው። በሐሳብ ደረጃ ሉተር ልክ ነበረ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ያንን ከተናገረ በኋላ መኳንንቱ ገበሬውን ያለ ርኅራኄ እንዲመቱ መጻፉን ግን ልክ ነው ለማለት ይከብደኛል።

እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ፍትሐ ነገሥት ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ ነው፣ ባርነትን ያመጣው ጦርነት ነው ይላል። ቢሆንም ባርነትን ራሱን አልከለከለም፤ ሥርዓት አበጀለት እንጂ። አድዋ ላይ ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ቀና ሲል፣ እዚሁ አገር ውስጥ ሰው ይሸጥ ይለወጥ ነበር። በአዋጅ ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1934 ነው፤ ከአድዋ 46 ዓመት በኋላ። ነጻ አገር፣ የተጠመቀ ጌታ፣ የተሸጠ ሰው። ሦስቱም በአንድ ግቢ።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ጭሰኛው እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ለባለ መሬቱ ሲገብር ኖሯል። በ1965 እና በ1966 የወሎ ገበሬ በረሃብ ሲያልቅ ባንዲራው ከፍ ብሎ ይውለበለብ ነበር። ድንበሩን የደፈረ አልነበረም። የአገር ነጻነት ለሰው ከሚያስፈልገው ሁሉ መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው እንዳልሆነ ከወሎ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ለተራበ ሰው ሄዶ «ዋናው የነፍስ ነጻነት ነው» ማለት ደግሞ ጳውሎስን ጠቅሶ መበደል ነው። ጳውሎስ ራሱ ለቆሮንቶስ ክርስቲያን ባሪያ «አይጨነቅህ» ካለው በኋላ፣ ነጻ መውጣት ከቻልህ ግን ተቀበለው ብሎታል። ሁለተኛውን ግማሽ መዝለል የተለመደ ነው።

ቤተ ክርስቲያኒቱም ብትሆን በአድዋ ጊዜ ጳጳሷ አቡነ ማቴዎስ ግብፃዊ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት የተሾሙት በ1921 ነው፤ የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችው በ1951። ነጻ አገር ውስጥ ያለች ቤተ ክርስቲያን አባቷን ለብዙ መቶ ዓመታት ከእስክንድርያ ስትለምን ኖራለች። ያኔም ግን ቅዱሳኗ ቅዱሳን ነበሩ። አስተዳደር ሌላ፣ ጽድቅ ሌላ።

የሚገናኙት የት ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ የሚገናኙት በአንድ ሰው ወኔ ላይ ነው። በ1921 ከተሾሙት ጳጳሳት መካከል አቡነ ጴጥሮስ ነበሩ፤ የፍቼ ሰው። በሐምሌ 1928 አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ያደረጉት ሙከራ ሲከሽፍ ጣሊያን ያዛቸው። አርበኞቹን ሽፍታ ብለህ አውግዝ ተባሉ። እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 በአደባባይ ተረሸኑ። አብረዋቸው ከተሾሙት አንዱ አቡነ አብርሃም ደግሞ ለጣሊያን አደሩ።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። አቡነ ጴጥሮስ በሞቱበት ቀን አገሪቱ ነጻ አልነበረችም። ንጉሡ በስደት ናቸው፣ ዋና ከተማው በጠላት እጅ ነው። ሰውየው ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ነጻው እሳቸው ነበሩ። ሞትን ያልፈራ ሰው በምን ይገዛል? ያ የነፍስ ነጻነት ነው። ውጤቱ ግን ነፍስ ውስጥ ተዘግቶ አልቀረም፤ ወጥቶ ለአገር ምስክር ሆነ። አንደኛው ሌላኛውን አልተካውም፤ አቆመው።

ጳውሎስም በፊልጵስዩስ የሆነው ከዚህ ጋር ይሄዳል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ነው። እሱንና ሲላስን ያለ ፍርድ ገርፈው እስር ቤት ወረወሯቸው፤ እግራቸውን በግንድ ጠረቁት። እኩለ ሌሊት ላይ ሁለቱ እየዘመሩ ነበር። መሬት ተንቀጠቀጠ፣ በሩ ተከፈተ፣ እስራቱ ተፈታ። አላመለጡም። እስረኞቹ አመለጡ ብሎ ራሱን በሰይፍ ሊገድል የተነሣውን የወኅኒ ጠባቂ «በራስህ ምንም ክፉ አታድርግ» ብለው አዳኑት። እስረኛው አሳሪውን ነጻ አወጣ። ብዙ ስብከት እዚህ ላይ ያቆማል።

ታሪኩ ግን ይቀጥላል። ሲነጋ ገዥዎቹ «እነዚያን ሰዎች ፍቷቸው» ብለው ላኩ። ጳውሎስ እሺ ብሎ ሹልክ ማለት ይችል ነበር፤ ነፍሱ እንደሆነ ነጻ ናት። እሱ ግን የሮም ዜግነቱን መዘዘ። ያለ ፍርድ በሕዝብ ፊት ደብድበውናል፣ የሮሜ ሰዎች ስንሆን ወኅኒ ጣሉን፤ አሁን በስውር ሊያስወጡን ነው? «አይሆንም፥ ራሳቸው ግን መጥተው ያውጡን» አለ። ገዥዎቹ ዜግነቱን ሲሰሙ ደነገጡ። በእግራቸው መጥተው ለመኑት።